ለነፋስ መንገድ የሚተው ሰው

ነፋሱ ዞሮ ከነዳጅ ማጣሪያው በኩል ሲመጣ ይዞት የሚገባው የናፍጣና የጨው ሽታ ዛሬም ባፍንጫዬ አለ። በደርግ ዘመን አሰብ ሳስተምር የለመድኩት ነው። ያ ሽታ ትዝ ሲለኝ አበጀም አብሮ ትዝ ይለኛል።

በየከተማው እንደ አበጀ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ለራሱ ጎጆ ሳይቀልስ ከተማ ሲያፈርስና ሲሠራ የሚውል። የእኛው አበጀ ማዘጋጃ ቤት ተቀጥሮ ሌሎች ያወጡትን ፕላን በስስ ወረቀት ይገለብጣል። በትርፍ ጊዜው ደግሞ የከተማና የክልል ፕላን በተልእኮ ይማራል።

ትርፌ ሻይ ቤት ከክቡርነታቸው ከአበጀ ጋር መቀመጥ ሻይን መሰናበት ነው። ብርጭቆዬን ይነጥቀኝና ጠረጴዛው መሀል ይተክለዋል።

«ይሄ ወደቡ ነው፤ እንዳትጠጣው!»

ስኳሩ የሠራተኞች ሰፈር፣ ማንኪያዎቹ መንገድ ይሆናሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማንኪያዬን መልስ! ደንበኛ በጣቱ ያማስል?» ትለዋለች ትርፌ።

«ትርፍዬ፣ መጀመሪያ ነፋሱ ይለፍ!»

ይቺ የሁልጊዜ ቃሉ ነበረች። አንዴ ለቅሶ ቤት የተተከለ ድንኳን ካስማውን አስነቅሎ በሩን ወደ ባሕሩ አዞረው። ሐዘንተኞቹ በሹክሹክታ ረገሙት፤ ቀትር ላይ ቀዝቀዝ ሲላቸው መረቁት።

ችግሩ የመማሪያ መጽሐፉ ነበር። የብርድ አገር ሰው የጻፈው ነውና፣ ቤቶች ለፀሐይ ይገለጡ፣ ከነፋስ ይከለሉ ይላል። ይህን አሰብ ላይ መሥራት ሰውን በቁሙ መጥበስ ነው። ፈተናው የሚታረመው ግን በመጽሐፉ ነበርና አበጀ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ቢያልፍ ገልባጭነቱ ቀርቶ የራሱን ፕላን ያወጣል። ሦስተኛው የመጨረሻ ዕድሉ ነበር።

ፈተናውን በትምህርት ቤታችን ብቻውን ሲቀመጥ ተቆጣጣሪው እኔ ሆንኩ። ጥያቄው «ለአንድ የወደብ ከተማ የመኖሪያ ሰፈር ንደፍ» ይላል። ሳይገባ በሩ ላይ ያዝኩት።

«በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ መጽሐፉ ያለውን ሣልና እለፍ። ካለፍክ በኋላ ነፋሱን እንዳሻህ ታስገባለህ።»

«እሺ መምህር» አለ አንገቱን ደፍቶ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ሣለ። ቤቶቹ እንደ መጽሐፉ ቃል ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው እንደ ወታደር ተሰለፉ። በልቤ ተመስገን አልኩ። ድንገት እርሳሱን አስቀመጠ።

«መምህር፣ እዚህ ሦስተኛው ቤት አራስ ብትኖርስ?»

«የወረቀት ቤት ነው፣ ሰውዬ!»

«ቤት ሁሉ የሚጀምረው ከወረቀት ነው።»

ላጲሱን አነሣ። በቀረችው ግማሽ ሰዓት ሰልፉን በተነው፤ በቤቶቹ መካከል ክፍት ቦታ ተወ፤ በሮቹን ሁሉ ወደ ባሕሩ አዞረ። ልቆጣው ፈልጌ አልሆነልኝም። አጎንብሼ ሳየው፣ ያ ሰፈር ቢሠራ የመጀመሪያው ተከራይ መሆን አማረኝ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ወረቀቱን እጄ ላይ አኖረ። እንደማያልፍ ሁለታችንም እናውቃለን። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና፣ በሩን ለነፋሱ ክፍት ትቶ ወጣ።