አንድ ሲገባ አንድ ይውጣ

ለከተማችን ከተዋሉላት ታላላቅ ውለታዎች አንዱ፣ ኃላፊያችን አንድ ማለዳ በመኪናቸው መስኮት ወደ ውጭ መመልከታቸው ነው።

ከዚያ በፊት የፍልሰት ማመጣጠኛ ጽሕፈት ቤታችን ብዙ ደክሟል። ከተማዋ እንደሞላች፣ በዙሪያዋ ያሉት ትንንሽ ከተሞች ደግሞ ባዶ እየቀሩ እንደሆነ ለዓመታት ስብሰባ ስንቀመጥ ኖረናል። «መጤው ወደመጣበት ይመለስ» የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይቀርብ ነበር። ነገር ግን ከተሰብሳቢው መካከል እዚህ የተወለደ አንድም ሰው ስላልነበረ፣ ሐሳቡ በቀረበ ቁጥር ለሻይ እንወጣ ነበር።

በዚያ ማለዳ ኃላፊያችን መናኸሪያው አጠገብ መንገድ ተዘጋግቶባቸው ቆሙ። ከጎናቸው ጢም ብሎ የሞላ ሚኒባስ ነበር። አንዲት ሴት ወረደች፤ ረዳቱ አንድ ሰውዬ አስገባና ሚኒባሱ ሄደ። ረዳቱ አፉን ከፍቶ የሆነ ነገር ሲጮህ አይተዋል፤ የመኪናቸው መስታወት ዝግ ስለነበር ግን ምን እንዳለ አልሰሙም። ታላላቅ ሐሳቦች ደግሞ ጫጫታ አይወዱም።

ከምሳ በፊት መመሪያው ወጣ። አንድ ሰው ወደ ከተማዋ ሲገባ አንድ ሰው ይወጣል። ክርክር እንዳይነሣም፣ የሚወጣው ሰው፣ የሚገባው ሰው ከሚያርፍበት ቤት እንዲሆን ተወሰነ። «ከእንግዲህ ከተማችን እንደሞላ ብርጭቆ ሳትፈስ ትኖራለች» ብለው ተናገሩ። አጨበጨብን።

እኔ የምሠራው መስኮት ላይ ነው። ባለጉዳይ ሁሉ «ማመልከቻዎ እየታየ ነው፤ ነገ ይመለሱ» የሚለውን ከእኔ ሰምቶ ይሄዳል። አዲሱ መመሪያ ግን ወዲያው መልስ እንድሰጥ አስቻለኝ። መጀመሪያ የመጣው አንድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ።

«እህቴ፣ ባለቤቴን ላስመጣ ነበር።»

«ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«እኔው ብቻዬን።»

መመሪያውን አየሁት። እሱም እኔን አየኝ።

«እንግዲያው የሚወጡት እርስዎ ነዎት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

«እሷ እኮ የምትመጣው ከእኔ ጋር ልትኖር ነው። መውለጃዋ ደርሷል፤ እዚያ ሐኪም የለም። ሰው ከጎኗ ያስፈልጋታል።»

ኃላፊያችን ከኋላዬ መጡ። «ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሚስትህ እንድትገባ ነው። ተፈቀደ። ምን ቀረህ?»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። «እኔ ነኛ የቀረሁት» አለ።

ባልና ሚስት መናኸሪያው ላይ ተገናኙ። ቁልፉን ሰጣት፣ ሻንጣዋን ከሚኒባሱ አወረደላት፣ በዚያው ሚኒባስ ተሳፍሮ የከተማዋ ወሰን ከሆነው ድልድይ ማዶ ወዳለው መንደር ሄደ። «ቤተሰብ የማገናኘት ሥራ ተሠርቷል» ብለን ሪፖርት አደረግን። ለሩብ ሰዓት ያህል እውነት ነበር።

ወር ሳይሞላ የልብስ ሰፊው ሚስት ሕፃን ታቅፋ መስኮቴ ላይ ቆመች። ልታስመዘግበው ነው። «እንኳን ደስ አለሽ» አልኩ፤ ወዲያውም ተጸጸትኩ፤ ኃላፊያችን ሰምተዋል።

«ይሄ በየት ገባ?»

«ጋሼ፣ ተወለደ እንጂ።»

«መወለድም መግባት ነው። አንድ ገብቷል፣ አንድ ይወጣል። እሱን እንዳንመልሰው የመጣበት አገር የለውም። ስለዚህ የምትወጪው አንቺ ነሽ።»

«እሱስ?»

«እሱማ ሕጋዊ ነዋሪ ነው። መብቱ ይከበርለታል።»

«ማን ነው የሚያሳድገው?»

«ሞግዚት ይመጣለታል።»

«ሞግዚቷ ስትገባ ማን ይወጣል?»

ኃላፊያችን እንዲህ ያለ ጥልቅ ጥያቄ ከመስኮት ማዶ አይጠብቁም ነበር። «ጽሕፈት ቤቱ ያሳድገዋል» አሉ በመጨረሻ።

ሴትዮዋ ተከትላቸው ቢሮ ገባችና ልጁን ጠረጴዛቸው ላይ፣ ማኅተሙ አጠገብ አስተኛችው። «ይኸው ነዋሪዎ። ቶሎ ቶሎ ነው የሚርበው» አለች። ከዚያ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች፤ ዓይኗን ግን ከበሩ አልነቀለችም።

ሕጋዊው ነዋሪ ብዙ ሳይቆይ መብቱን በጩኸት መጠየቅ ጀመረ። ኃላፊያችን መመሪያውን አንሥተው አራገቡለት፤ ባሰበት። እናቱን እንዳይጠሯት የሰጡት ቃል አለ። ጨንቋቸው ባለቤታቸው ዘንድ ደወሉ። እትዬ መጡና ሕፃኑን፣ እናቱን፣ ባላቸውን በየተራ አዩ።

«የማን ልጅ ነው?»

«የጽሕፈት ቤቱ።»

«ጡቱንስ ከየትኛው ክፍል ነው የሚያገኘው?»

መልስ ሳይጠብቁ ልጁን አንሥተው እናቱን አስታቀፏት። «ተነሺ እህቴ። እኛ ቤት ባዶ ክፍል አለ፤ እስክትጠነክሪ እዚያ ትሆኛለሽ።»

«ቆይ እንጂ» አሉ ኃላፊያችን። «መመሪያ አለ። ሁለት ሲገቡ ሁለት መውጣት አለባቸው።»

እትዬ በሩ ላይ ዞር አሉ። «ልክ ነህ። አንተና መመሪያህ ውጡ።»

ኃላፊያችን ደንብ አክባሪ ሰው ናቸው፤ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከድልድዩ እንዳያልፍ ራሳቸው አዘው ስለነበር ድልድዩን በእግራቸው ተሻገሩ። ማዶ የሚያውቁት ሰው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው፤ ያደሩት እሱ ዘንድ ሆነ። የተቆረጠ ጨርቅ ጠቅልሎ ትራስ አደረገላቸው። ስለ ልጁ መልክ ጠየቃቸው፤ ኃላፊያችን ያስታወሱት ጩኸቱን ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም መንገድ ዳር ቆሙ፤ አንዱ ለስብሰባ፣ አንዱ ልጁን ለማየት። ሚኒባሱ ሞልቶ መጣ። የሚወርድ የለም።

«የሚወርድ ከሌለ እንዴት አድርገን ልንገባ ነው?» አሉ ኃላፊያችን።

ረዳቱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም። አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ያን ማለዳ ከመስታወቱ ማዶ ሲጮኸው የነበረውን ጮኸ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ። ሁለት ሰው ነው።»

ሰዉ እያጉረመረመ ጠጋ አለ። ኃላፊያችን በግማሽ ወንበሩ ላይ፣ በግማሽ በልብስ ሰፊው ጉልበት ላይ ተቀምጠው ከተማ ገቡ።

ከምሳ በፊት አዲስ መመሪያ ወጣ። «የመጠጋጋት ስልት» ይባላል፤ ኃላፊያችን በአካል ተገኝተው ባደረጉት የመስክ ጥናት፣ ያለማንም እርዳታ የደረሱበት ነው። አጨበጨብን። ልብስ ሰፊው ሚስቱንና ልጁን ከእነእትዬ ቤት ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ወሰዳቸው። የስፌት መኪናው ወደ ግድግዳው ጠጋ ሲል ለሦስት የሚሆን ቦታ ተገኘ።

ኃላፊያችንም ሲመሽ መመሪያውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሾፌራቸው እንደነገረን፣ ሲያንኳኩ እትዬ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ሁለቱ ወጥተዋል አይደል?» አሉ ኃላፊያችን። «ቦታ አለ እኮ።»

«ቦታስ ሞልቷል» አሉ እትዬ። «ማመልከቻህ ግን እየታየ ነው። ነገ ተመለስ።»