በከዚራ አሉፍ መሆን

ያለ ሥርዓት ማውራት ስለማልወድ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሰዎች በቅድሚያ ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ተፈራ አሉ፣ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ አሉ። ሐሊማ አለች፣ ጨርቅ ነጋዴ፤ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ግቢ ይገባል። አራተኛዋ እኔ ነኝ፣ የእንግሊዝኛ መምህርት። አራታችንም ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ የቀበሌ ግቢ እንኖራለን።

እንግሊዞች «አሉፍ» የሚሉት ቅጽል አለ። ኩሩ ማለት አይደለም፤ ኩሩ ሰው ለመናቅም ቢሆን ቀረብ ይላል። አኩራፊም አይደለም፤ ኩርፊያ ምክንያት አለው፣ ሽማግሌ ይፈታዋል። ዓይነ አፋርም አይደለም፤ ዓይነ አፋር መቅረብ ይፈልጋል፣ ያቅተዋል እንጂ። አሉፍ ግን ጤነኛ ነው፣ የበደለው የለም፣ መቅረብም ይችላል፤ አይፈልግም። በቃ! ራቅ፣ ቀዝቀዝ ብሎ መኖር ይወዳል። ግልጽ አይደለም እንዴ?

ለድሬዳዋ ሰው ግልጽ አይደለም። እዚህ በር የሚዘጋው ለሌሊት ነው፤ ለቀን መጋረጃ ይበቃል። ቀን በሩን የዘጋ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ሐዘን ደርሶበታል።

ያን ሰሞን የፈተና እርማት ነበረብኝ። ቅዳሜ ጠዋት ያላስረከበ መምህር በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ፊት ይቆማል ተብሏል። እኔ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ፤ የሚደግመው ሰው መጨረሻው ዝውውር ነው። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሙቀቱን ችዬ በሬን ዘጋሁ።

እትዬ ብርቄ የአብሽ ውሃ ይዘው ደረሱ። «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ ልጄ?» አላመመኝም ብል ግንባሬን ዳሰሱ፤ ይሞቃል። ድሬዳዋ ውስጥ የማይሞቅ ግንባር የማን ነው? ሐሊማ ሾርባ ይዛ ተከተለች። «አብሽሪ ቲቸር፣ ወላሂ ያልፋል!» ጋሽ ተፈራ በበኩላቸው ያስቀየመኝን ሰው ስሙን ብቻ እንድነግራቸው ጠየቁ። አርብ ከመንገድ ማዶ ያሉት ሁሉ ሊጠይቁኝ መጡ። የፈተናው እርማት ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

ትዕግሥቴ አለቀ። ሦስቱንም ሰብስቤ፣ ተማሪዎች ፊት እንዳለሁ ሁሉ ቆሜ፣ አሉፍን ከነአገባቡ አስረዳሁ። አልታመምኩም፣ አልተቀየምኩም፣ አልናቅኋችሁም፤ እስከ ነገ ጠዋት አሉፍ ነኝ፤ ካልጨረስኩ ከዚህ ያዛውሩኛል አልኩ።

ሐሊማ ይተላለፍ እንደሆነ ጠየቀች። አይተላለፍም።

«መድኃኒትስ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

መድኃኒት የለውም አልኩ፤ በሽታ አይደለማ!

«ወይኔ ልጄን!» ብለው ደረታቸውን ያዙ።

ጋሽ ተፈራ መዛወሬን ግቢው እንደማይፈቅድ፣ አሉፍነቱንም መፈጸም ካለብኝ እንድፈጽመው፣ ነገር ግን መድኃኒት ከሌለው ነገር ጋር ሰው ብቻውን እንደማይተው ተናገሩ። ወዲያው በሬ ተዘጋ፤ ሐሊማ ከውስጥ ቀረች። ወሬ እንዳያመልጣት የሻሿን ጫፍ ነክሳ ተቀመጠች። ደግነቱ፣ የፈተናው ወረቀት ታርሞ በሰዓቱ ደረሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነገሩ ቋሚ እንዲሆን ተሰበሰብን። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ አሉፍነቴ የቱ ላይ ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ እትዬ ብርቄ እንዲህ የሚያናግረኝ ራሱ አሉፍነቱ ነው አሉ። እንዲህም ተወሰነ፦ አሉፍ ባሰኘኝ ቀን በሬ ይዘጋል፤ ማንም አያናግረኝም፤ ብቻዬን እንዳይከፋኝ ግን ሦስቱ ተራ እየገቡ ከውስጥ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።