ሰባት መጽሐፍና አንዲት ጳጉሜ

መጽሐፍ ምከሪን ብትሉኝ ሰባት እመክራችኋለሁ። አንዱንም አላነበብኩም።

ምን ያስቃችኋል? ያላነበበውን የሚመክር ሰው ስንት አለ! እኔ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሙሉ አቧራቸውን አራግፌያለሁ። ሐሙስ ሐሙስ፣ አንድ በአንድ አንስቼ፣ ፊታቸውን ጀርባቸውን በደረቅ ጨርቅ። እንደዚያ አድርጎ መጽሐፍ የሚያገላብጥ አንባቢ ካለ አሳዩኝ።

መጽሐፎቹ የናቲ ናቸው። ናቲ ጀሞ እኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን የሚኖር ልጅ ነው። ልጅ ስላችሁ ጢም አለው። ሥራው በስልክና በኮምፒውተር የሚከፈቱ ገጾችን መሥራት ነው፤ ዌብሳይት የሚሉትን። እኔ ግራውንድ ላይ ከባሌና ከልጄ ከሶሊያና ጋር እኖራለሁ። ባሌ ፌራዮ ነው፣ ለቡ አዲስ ሕንፃ ላይ ብረት ያስራል። እኔ የጎረቤት ልብስ አጥባለሁ፣ ቤት አጸዳለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ላይ እንደሚሄድ ሰው ነኝ፣ አንዷን ሳልረግጥ ሌላዋን አላነሳም።

መጽሐፎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ታዲያ ውስጣቸውን በምን አወቅሽ አትሉኝም? ብቻውን የሚኖር ሰው ጆሮ ሲያገኝ አይለቅም። እኔ ወለል ስወለውል ናቲ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ይተርክልኛል። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ገጽህን ሲከፍት እንዳይቸገር ምን ታደርጋለህ? ለዚህ ሰባት መጽሐፍ!

ቀዩ፣ ሰው ስልክ ላይ አያነብም፣ ገረፍ አድርጎ ነው የሚያልፈው ይላል አሉ። ይሄን ለማወቅ ቀይ መጽሐፍ ምን ያስፈልጋል? ባሌን የብሎካችንን ማስታወቂያ ሲያነብ ማየት ይበቃል። «ውሃ» የምትለዋን ቃል ፈልጎ ያገኝና ጄሪካን ይዞ ይሮጣል። ውሃ ይመጣል ይበል ውሃ ይጠፋል ይበል እሱ ምን ቸገረው። ቢጫው ደግሞ አጭር አድርገህ ጻፍ ይላል። ከሁሉም የሚወፍረው እሱ ነው። ሶሊን ይዣት ስመጣ ከወንበሩ ላይ ከፍ ብላ ጠረጴዛው እንዲደርስላት የማስቀምጣት በሱ ላይ ነው፤ እስካሁን ከዚህ የበለጠ ጥቅም አላየሁበትም።

አረንጓዴው ግን ልቤ ገብቷል። ሰው ገጽህ ላይ ከተሳሳተ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ሰውየውን አትውቀስ ይላል። ይሄን የሰማሁ ቀን መወልወያዬን አቁሜ ድገምልኝ አልኩት። እኔ በዕድሜዬ የዞርኩት ቢሮ ብዙ ነው። አንድም ቀን ጥፋቱ የቢሮው ሆኖ አያውቅም።

ሰባተኛው ነጭ ነው። ያኔ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም ነበር። ይሄስ ምን ይላል ብለው፣ ጊዜ ሳገኝ አነበዋለሁ አለኝ። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባላል። መጽሐፍም ካልከፈቱት ያው ብሎኬት ነው። እኔ ግን በየሳምንቱ ፕላስቲኩን እወለውልለት ነበር። የተከፈለኝን መሥራት አለብኝ።

አሁን ወደ ጭንቄ ልውሰዳችሁ። ፈሪ እናት ነኝ፣ አልደብቃችሁም። ሶሊ ስታስል ሳንባ ነው እላለሁ፣ ሳታስል ደግሞ ምን ሆና ነው ዝም ያለችው እላለሁ። አምና ክረምት ልትገባ የደረሰችበት ኬጂ ከብሎካችን ጋር አጥር ይጋራል። ልብስ ሳሰጣ የልጆቹ ጩኸት ይሰማኛል። እዚያ ከገባች ስታለቅስ እንኳ ለይቼ እሰማታለሁ፣ የልብስ ሥራዬንም አልተውም። ሌላው ኬጂ ከአስፋልት ማዶ ነው። ጠዋት የጀሞ ታክሲ ወረፋና ሩጫ ያየ ሰው፣ የአራት ዓመት ልጅ ይዞ በየቀኑ አስፋልት መሻገር ምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ስለዚህ አጥር የሚጋራው ነበር ጸሎቴ። ቦታው ግን ጥቂት፣ ልጁ ብዙ።

የምዝገባው ሳምንት ሰኞ በማለዳ ድንጋይ ይዤ ወጣሁ። ድንጋይ ምን ያደርጋል? ወረፋ ይይዛላ! ለውሃ ጄሪካን እንደምናሰልፈው፣ ለምዝገባ ስም የጻፍንበት ድንጋይ እናሰልፋለን። ደርሼ ሳይ የጎረቤቴ የዘሐራ ድንጋይ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ዘሐራ እኛው ብሎክ ግራውንድ ላይ ሱቅ ያላት፣ ለወረፋ የተፈጠረች ሴት ናት። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ጋሽ ቶሎሳ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ይሄ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ጤፍ በነበረ ጊዜ መሬቱን ያረሱት እሳቸውና ወንድሞቻቸው ናቸው። ድንጋዮቹን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጓቸው።

«ልጆቼ፣ ድንጋያችሁን ውሰዱ። ዘንድሮ ምዝገባው በስልክ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ስልኩ ላይ ድንጋይ የት ነው የሚቀመጠው ጋሼ?» አለች ዘሐራ።

«እኔ ምን አውቄ! ዋቃዮ! እኔንም ነገ በስልክ ጠብቅ ይሉኛል።»

ሰኞ ካርድ አልነበረኝም። ማክሰኞ ኔትዎርክ አልነበረም። ረቡዕና ሐሙስ ድፍረት አልነበረኝም። አርብ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘሐራ የልጇን ምዝገባ ጨርሳ መጣችና፣ አንቺ ሴት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ምን ትጠብቂያለሽ ብላ ጮኸችብኝ። እጄን ከሳሙና አውጥቼ ከፈትኩት።

ስም ሞላሁ። የአባት ስም፣ የአያት ስም ሞላሁ። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል፤ ግን እየሄደልኝ ነው። ከዚያ የትውልድ ቀን አለ። ዓመቱን መረጥኩ። ወር ሲል ዝርዝር ወረደ። መስከረም፣ ጥቅምት እያልኩ በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ ላይ ደረሰና ቆመ።

ሶሊ የተወለደችው ጳጉሜ ሦስት ነው። የሩፋኤል ዕለት። ላፍቶ ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ሆኜ እኔ ስጮህ፣ ውጪ የሰፈሩ ልጆች በዝናቡ እየተጠመቁ አሳድገኝ እያሉ ይጮሁ ነበር። ማን ከማን በልጦ እንደጮኸ እንጃ። ያን ቀን የምረሳ እናት አይደለሁም።

የስልኬ መስታወት ከታች በኩል የተሰነጠቀ ነው። ጳጉሜ ስንጥቁ ሥር ገብታ ይሆናል አልኩ። በቀሚሴ ጠረግኩት። አጥፍቼ አበራሁት። የዘሐራን ስልክ ተቀብዬ ሞከርኩ፤ እዚያም የለችም። ደነገጥኩ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው።

«ነሐሴ ሠላሳ ብለሽ ተገላገያ!» አለች ዘሐራ።

ከሥሩ በቀይ ያለውን አሳየኋት። ከልደት ሰርተፍኬት ጋር የማይመሳሰል ምዝገባ ይሰረዛል ይላል። ሰርተፍኬቷ ደግሞ ጳጉሜ ይላል፣ ማህተም ያለበት።

«እንግዲያ ነሐሴ ሠላሳ ሦስት በያት!»

ቀልዷን አይደለም፣ ሒሳቡ ልክ ነው። ቀኑ ግን ሠላሳ ላይ ያልቃል። መስከረም አንድ ብዬ ወደፊት ገፋኋት። ዓመቱ ይቀየር የለ? ስልኩ «ዕድሜዋ አልደረሰም» አለኝ። በሦስት ቀን ልዩነት ልጄን ሕፃን አደረጋት። ወደ ኋላ ተመልሼ ወሩን ባዶ ተውኩት። «እባክዎ ትክክለኛ መረጃ ያስገቡ» አለኝ። ከእኔ በላይ ትክክለኛ መረጃ ማን አለው? አንተ ነህ የወለድካት? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ አበው ስልክን አላዩም ነበር።

ዘሐራ፣ ያ አራተኛ ፎቅ ያለው ልጅ ስልክ አይደለም ወይ ሥራው አለችኝ። ሶሊን አዝዬ ደረጃውን ወጣሁ። አሥር ሰዓት አልፏል። ናቲ ጆሮው ላይ የሰካውን እያወለቀ ከፈተልኝ።

«የሶሊ እናት! ዛሬ አርብ አይደል እንዴ?»

ለጽዳት አልመጣሁም፣ የኬጂው ምዝገባ እምቢ ብሎኝ ነው አልኩት። ፈገግ አለ። በጣም ቀላል ነው፣ ሕፃን እንኳ ይሞላዋል፣ ለሰው ተብሎ የተሠራ ነው አለኝ። ማን ነው የሠራው ስለው፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ «እኔ ነኛ!» አለ።

ስልኩን ሰጠሁት። አየው፣ ቅንድቡን ሰበሰበና «ምን ነክተሽ ነው?» አለኝ።

ያን ጊዜ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፣ ወደ መደርደሪያው ሄጄ አረንጓዴውን መጽሐፍ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረግኩት።

«ይሄ ምን ይላል ነበር ያልከኝ?»

አየኝ፣ መጽሐፉን አየ።

«እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «የቱ ጋ ነው የተቸገርሽው?»

«ልጄ ጳጉሜ ነው የተወለደችው። ጳጉሜ የት አለች?»

በአውራ ጣቱ ገፋ። ነሐሴ ላይ ቆመ። መልሶ ገፋ። በጣቱ መቁጠር ጀመረ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር... አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ ካላንደሩ አለ። ከዱቄት ቤት አምጥቼ ሚስማር ላይ የሰቀልኩለት እኔ ነኝ። የመጨረሻዋ ቅጠል ግማሽ ገጽ ናት፣ ታውቋታላችሁ።

ለካስ ፈረንጅ ሠርቶ ያስቀመጠውን የቀን መምረጫ ወስዶ፣ የወሮቹን ስም ቀይሮ ሁሉንም ሠላሳ ቀን ብቻ ነው ያደረገው። አሥራ ሁለት ወንበር፣ አሥራ ሁለት ወር። ጳጉሜ ቦታ አጥታ ፌርማታ ላይ ቀረች። የታክሲ ረዳት ቢሠራው ኖሮ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ ያስገባት ነበር! ሰባት መጽሐፍ ያለው ሰው ግን ረሳት። አሥራ ሦስት ወር ጸጋ እያልን እንግዳ እንጠራለን፣ የራሳችንን ልጅ በአሥራ ሁለት ወር እንመዘግባለን።

ናቲ ኮምፒውተሩን ይቀጠቅጥ ጀመር። ሶሊን ቢጫው መጽሐፍ ላይ አስቀመጥኳት። እኔ ሰዓቱን አያለሁ። ሩብ ጉዳይ ሆነ። አሥር ደቂቃ ጉዳይ። «አንዴ፣ አንዴ» ይላል። ሩፋኤልን ለመንኩት፤ አራት ዓመት የዝናብ ልጅህ ናት ስል ኖሬ ዛሬ በአንድ ወር አትጣልብኝ አልኩት።

«ክፈቺው!»

ከፈትኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ገፋሁ፣ ገፋሁ፣ ከነሐሴ ሥር ጳጉሜ ቁጭ ብላለች። ዓይኔ እንባ ሞላ። ሦስትን ተጫንኩ፣ ላክሁ። «ምዝገባዎን ተቀብለናል» የሚል መጣ። እንደዚያ ቶሎ ያነበብኩት ዓረፍተ ነገር የለም።

እንባዬን ጠርጌ፣ ፈሪ ሰው ነገር ካልደጋገመ አያምንም፣ ለማረጋገጥ መልሼ ከፈትኩት። የጳጉሜን ቀኖች ወደ ታች ወረድኩባቸው። አምስት አለ፣ ስድስት አለ። ሰባት አለ። አሥራ ዘጠኝ አለ።

«ናቲ፣ ጳጉሜህ ሠላሳ ቀን አላት።»

ናቲ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ከዚያ እንደተደፋ እጁን ዘርግቶ ነጩን መጽሐፍ ሳበውና ፕላስቲኩን በጥርሱ ቀደደው። ሁለት ዓመት የወለወልኩት ፕላስቲክ! ቆሞ ጥቂት ገጽ አነበበ። ምን ይላል አልኩት።

«ሥራህን ከመጨረስህ በፊት የሚጠቀምበትን ሰው አጠገብህ አስቀምጥ፣ ሲሳሳት ዝም ብለህ እይ ይላል።»

ሁለት ዓመት አጠገቡ ነበርኩ እኮ! መወልወያ ይዤ!

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ስመጣ ናቲ መወልወያዬን ይቀበለኛል። «ቁጭ በይና ተሳሳቺ» ይለኛል። አዲስ የሠራውን ይከፍትልኛል፣ እኔ ያልሆነውን እጫናለሁ፣ እሱ አገጩን ይዞ ይጽፋል። ከጽዳቱ በላይ ይሄ ተመቸኝ፣ ወገብ አያምም። ባሌ ምን ሥራ ያዝሽ ሲለኝ፣ መሳሳት ነው የምሠራው አልኩት። ለሱስ ችሎታው አለሽ አለኝ።

ሶሊ መስከረም ላይ ገባች። ስታለቅስ ከአጥሩ ማዶ እሰማታለሁ፣ አሁን አሁን ስትስቅም። ፊደል ይዛ ትመጣለች፣ ማታ እናቴ ድገሚ ትለኛለች፣ እደግማለሁ። የቃል መጀመሪያ ታሳየኛለች፣ እጨርስላታለሁ። አስተማሪ ሆናብኝ ጆሮዬን ሁሉ ትይዛለች። ማን ማንን እንዳስተማረ ሳላውቀው ኮብልስቶኑ አስፋልት ሆነ። የሱቅ ጽሑፍ፣ የታክሲ ጥቅስ፣ የብሎካችን ማስታወቂያ፣ ሁሉን ገረፍ ማድረግ ጀመርኩ።

ጥር ላይ አንድ ሐሙስ ናቲ አዲስ ገጽ ከፈተልኝ። አየሁ፣ ተጫንኩ፣ ሞላሁ፣ ጨረስኩ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል የናቲ ፊት ጠቁሯል።

«ምነው?»

«አልተሳሳትሽም።»

«እና ጥሩ አይደለም?»

«ሳትሳሳቺ ሦስተኛ ሳምንትሽ ነው፣ የሶሊ እናት» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «ነጩ መጽሐፍ አዲስ ዓይን ያስፈልጋል ይላል።»

አያችሁ የመማርን ጣጣ? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አበው፣ ተምረሽ ጥምጣምሽን ይቀሙሻል ብለው አልነገሩኝም። ልጄን ትምህርት ቤት ላስገባ ያልሞትኩትን ሞት ሞቼ አስገባኋት፤ እሷ ደግሞ አስተምራ ከሥራ አስወጣችኝ። ለዚያ ነው ስለ መጽሐፎቹ ስጠየቅ ስድስቱን አንብቡ፣ ሰባተኛውን ግን ፕላስቲኩን እየወለወላችሁ አስቀምጡት የምለው።

በቦታዬ ማንን እንደቀጠረ አትጠይቁኝም? ጋሽ ቶሎሳን! ከጥበቃ ሲወጡ መነጽራቸውን አድርገው የኔ ወንበር ላይ ጉብ ይላሉ። እኔ ወደ መወልወያዬ ተመልሻለሁ። ባለፈው ሐሙስ ናቲ ስልክ ሊያወራ በረንዳ ሲወጣ፣ አጎንብሰው በሹክሹክታ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የቱን ነው የምጫነው?»

አየሁት። አረንጓዴው ቁልፍ ነው፣ ከታች፣ እንደ ፀሐይ ግልጽ ሆኖ። መወልወያዬን ጨምቄ ዞርኩባቸው።

«አልነግርዎትም ጋሼ። ከገባዎት ያባርርዎታል።»