ዓሣ እግር አለው እንዴ?

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች አጥር የምናጥረው ለሚገባ ነው፤ ስለሚወጣ ማንም አያስብም። ግንቡን ከፍ እናደርጋለን፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ እንተክላለን፣ እሾሃማ ሽቦ እንጠመጥምበታለን፣ ውሻ እናስራለን። በጓሮ በኩል ግን ቱቦው ክፍት ያድራል። የእናንተም ቤት እንዲሁ ነው፤ ሄዳችሁ እዩት።

አቶ ደምሴ ግን ከሁላችንም ይብሳሉ። የዛሬ ጎረቤቴ፣ የድሮ አለቃዬ ናቸው። ስለ ዓሣ እርባታ ተምሬ በተመረቅሁ ማግስት፣ መሥሪያ ቤታችን ካርፕ የሚባል ዓሣ ለማርባት ኩሬ ሊያስቆፍር በመከረበት ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ «ካርፕ የሀገራችን ዓሣ አይደለም፤ ኩሬውን ወንዝ ዳር ከቆፈርን በክረምት ያመልጣል፣ ጭቃውን እየማሰ የነባሮቹን ዓሦች መኖሪያ ያበላሻል» አልኩ። አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዓሣ እግር አለው እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ስሜ «ባለእግሩ» ሆነ፤ ወንበሬም ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረ። ዲግሪዬን ይዤ መጥረጊያና ሳሙና ሳድል ጡረታ ደረሰብኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ደግሞ ማስታወስ ላይ ጎበዝ ነኝ።

ጡረታ መልሶ መካኒሳ ላይ፣ አንድ ዕድር ውስጥ አገናኘን። አቶ ደምሴ ለጾም የሚሸጥ ዓሣ ሊያረቡ ከጓሯቸው ኩሬ አስቆፈሩ። ጓሯቸው የሚያልቀው ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ዓሣውስ? ካርፕ!

ሄጄ አየሁላቸው። ሽቦው፣ ሁለቱ ውሾች፣ ለቁራ የተዘረጋው መረብ፣ ምኑ ቅጡ! የኩሬው መፍሰሻ ላይ ግን ወንፊት እንኳ የለም።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ወንፊት ያድርጉ፤ ዳሩንም ከፍ ያስደርጉት» አልኳቸው።

«አንተ አሁንም እግሩን እየፈለግህ ነው?» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ነሐሴ ገባ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ የእኛ ወንዝ ማሳሳቅም አላስፈለገው። አንድ ከሰዓት ሞልቶ ጓሯቸው ገባ፣ ከኩሬው ጋር ተቀላቀለ፣ ሲጎድል ካርፖቹን አስከትሎ ሄደ። ውሾቹ ቆመው ሸኙ። የፊት አጥሩ አንድ ሽቦ አልተነካም። ሌባም አልገባም።

በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ደጄ ቆሙ። ለጋብቻ የመጡ መስሎኝ «ሴት ልጅ የለኝም» ልል ነበር።

«አቶ ደምሴ ልከውን ነው» አሉ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ከድር። «አዲስ ኩሬ እንደ ደንቡ እንድታሠራላቸው ይፈልጋሉ። በመካከላችሁ ቂም እንዳለ ሰምተናል፤ ካሳህን ተናገርና ታረቁ።»

«ካሳዬ አንድ ጥያቄ ነው። ያን ቀን የጠየቁኝን በዕድሩ ፊት ይድገሙልኝ።»

«ይቺ ብቻ?»

«ይቺ ብቻ።»

እሑድ ዕድርተኛው ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ። ጋሽ ከድር የሆነውን ሁሉ ለሕዝቡ አስረዱ። አቶ ደምሴ ተነሡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መሬት መሬት እያዩ፣

«ዓሣ... እግር አለው እንዴ?» አሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳመነዥከው የኖርኩትን መልስ አወጣሁ።

«የለውም። ክረምት አዝሎት ይሄዳል እንጂ!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። በዚህኛው ሳቅ እኔም አለሁበት። አቶ ደምሴ ራሳቸው እየሳቁ መጥተው ጉንጬን ሳሙኝ፤ «ልክ ነበርክ፣ ባለእግሩ» አሉ። ይህን ስም ስወደው የመጀመሪያዬ ነው። በማግሥቱ ከወንዙ ራቅ ባለ ቦታ፣ ወንፊቱን በገዛ እጄ እየለካሁ ሥራ ጀመርኩ። ሠራተኞቹ «ኢንጂነር» ይሉኛል፤ አላርማቸውም።

ያን እሑድ ታርቀን ስንመለስ ግን የወንዙ ድልድይ ላይ ቆሜ ቁልቁል አይቼ ነበር። ድፍርሱ ውሃ ውስጥ አንድ ጅራት ብቅ ብሎ ጠፋ፤ ወደ ታች፣ ሰፊው ውሃ ወዳለበት። እኔስ ካሳዬን ተቀበልኩ። እዚያ ላሉት ነባር ዓሦች ግን ሽማግሌ የላከ የለም።