ተርቦ የተገጠመላት የቅሬ መኪና

የቅሬ ሥራ መቅበር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቅሬን አያውቅም። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ቁም ነገሩ ግን ስሙ ላይ ሳይሆን ቀድሞ መድረሱ ላይ ነው። ይህን ታላቅ እውነት ለሐይቅ ከተማ ሰው የገለጡት የቅሬው ዳኛ ሼህ አብዱልጀባር ናቸው። ለእሳቸው የተገለጠላቸው ደግሞ በአንድ ወር ሦስት ቀብር ላይ የማዶው ሰፈር ቅሬ መኪና ቀድሟቸው፣ ድንኳኑን ተክሎ ሲጠብቃቸው ነው።

"ሬሳው የኛ፣ ድንኳኑ የሰው!" አሉ በአስቸኳይ ስብሰባው። "ከዚህ ወዲያ ምን ሞት አለ?"

ጸሐፊው አንዳርጋቸው "ከዚህ ወዲያ ሞት አለመኖሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ።

የቅሬው ሾፌር ኑርዬ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። አሮጌዋን የጭነት መኪና አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲነዳ፣ ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ሐዘንተኛውን ጭኖ ሲመላለስ አንድም ቀብር አምልጦት አያውቅም። መኪናዋ ትንቀራፈፋለች፤ ግን ትደርሳለች።

"ሼሁ፣ አንድ ሰዓት ቀደም ብለን ብንነሳስ?" አለ።

ሐሳቡ ብልሃትም ድካምም የማይጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ ወዲያው ውድቅ ተደረገ።

ይሄኔ ሙስዓብ ተነሳ። ሙስዓብ በቅርቡ ከሪያድ የተመለሰ ጎልማሳ ነው፤ አራት ዓመት ጋራዥ ሠርቷል። ሥራው በር ላይ መኪና ማጠብ ነበር፤ ይሁንና በሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለነበር ያላየው የሞተር ዓይነት የለም። ሰው ከዚያ አገር ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ እሱ በብርድ ልብሱ ውስጥ ተርቦ የሚባል የሞተር ዕቃ ጠቅልሎ መጣ። ተርቦው ከተጋጨ ትልቅ ተሳቢ መኪና ላይ የተፈታ ነው።

"ተርቦ ማለት ለሞተር ትንፋሽ መጨመሪያ ነው" አለ። "በጭሱ ጉልበት እየዞረ አየር ይግተዋል። አየር ሲበዛ እኛ ናፍጣ እንጨምራለን። ናፍጣ ሲበዛ የማዶው ቅሬ አቧራችንን ይቅማል።"

"የፋብሪካ ሞተር ነው እኮ፤ ፒስተኑም ማሸጊያው ጓርኒሲዮንም ለዚህ አልተሠራም። ሞተሩ ልክ አለው" አለ ኑርዬ።

"ልኩን ማወቅ ያለበት ሾፌር ነው" አሉ ዳኛው። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ።

ተርቦው በሦስት ቀን ተገጠመ። የሞተሩ ክዳን አልገጥም ሲል ጥፋቱ የክዳኑ መሆኑ ታወቀና ተነቅሎ ተጣለ። ከዚያ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዱዓ አደረጉ።

"ትንፋሿን ያርዝምልን!"

"አሚን!"

"ፒስተኗን ያጽናልን!"

"አሚን!"

"የማዶውን ቅሬ ከኋላ ያስቀርልን!"

ይህኛው አሚን አርዲቦ ሐይቅ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ክርስቲያኑ አንዳርጋቸው ከሁሉም ጎላ አድርጎ አለው፤ ጎረቤትን በመቅደም ጉዳይ ወሎ ሃይማኖት አይለይም።

ሐይቁ ዳር ሜዳው ላይ ስትሞከር መኪናዋ አፏጨች፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ቆመው አዩዋት። የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ሲደርስ ኑርዬ እግሩን አነሳ።

"ለምን ታነሳለህ?" አለ ሙስዓብ።

"ቀይ ገባ'ኮ!"

"እሱ የድሮ መለኪያ ነው፤ ተርቦ መግባቱን አልሰማም።" ብሎ የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን አንድ ዙር ጨመረላት።

ሐሙስ ጧት የኑርዬ አክስት ዘይቱና ማረፋቸው ተሰማ። እናቱ ስትሞት አምባሰል ውስጥ፣ አቀበቱ ራስ ላይ ባለው ቤታቸው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። "አፈሬን የምታለብሰኝ አንተ ነህ" ይሉት ነበር። ቀብሩ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው፤ ጀናዛ ደግሞ ሰው አይጠብቅም።

"ሼሁ፣ አሁኑኑ ቀስ እያልን እንውጣ" አለ ኑርዬ፣ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቶ።

"የለም! የማዶው ቅሬ አስቀድሞ ይነሳ።"

"ለምን?"

"ካልቀደመን በምን እንቀድመዋለን?"

የዚህን ንግግር ጥልቀት የሚለካ አልተገኘም። ድንኳንና ሐዘንተኛ የጫነችው መኪና የማዶዎቹ እስኪነሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ተፈተለከች። አቀበቱ ሥር ደርሳ እያፏጨች አለፈቻቸው፤ ዳኛው በመስኮት እጃቸውን እንደ ሹም አነሱላቸው።

"ናፍጣ ስጠው!" አለ ሙስዓብ።

"ቀይ ገባ!"

"ስጠው ይሉሃል!" አሉ ዳኛው።

ኑርዬ አክስቱን እያሰበ ሰጠው። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ አንድ ነገር ጧ! አለ። ነጭ ጭስ አቀበቱን ሸፈነው፤ የሞተሩ ዘይት አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ፒስተኑ ተበስቷል።

ብዙም ሳይቆይ የማዶው መኪና እያቃሰተ ደረሰ። የማዶዎቹ ዳኛ ሼህ ሐቢብ አንገታቸውን አወጡ።

"የጀመዓ! ኑ እኛ ላይ ውጡ፣ ተጠጋግተን እንሄዳለን!"

"የኛ ቅሬ በሰው መኪና ቀብር አይሄድም!" አሉ ሼህ አብዱልጀባር። "የሄደ ከቅሬው ይወጣል። ደንብ ነው።"

"መቼ የወጣ ደንብ ነው?" አለ ኑርዬ።

"አሁን" አለ አንዳርጋቸው፣ እየጻፈ።

ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት ቀባሪ የለውም። ስለዚህ አንድም ሰው ንቅንቅ አላለም፤ ኑርዬም እግሩ ከመሬት ጋር ተሰፋ። የማዶው መኪና ጠመዝማዛውን ዞሮ ሲጠፋ ነው የነቃው። ቁልፉን ወንበሩ ላይ ወርውሮ አቀበቱን በሩጫ ተያያዘው።

ሲደርስ መቃብሩ ተደልድሎ ውሃ ተረጭቶበታል። የአክስቱ ልጅ ሱረያ አየችው።

"አሁን ገና መጣህ፣ ወንድሜ? ሲጠብቁህ ሲጠብቁህ፣ ባዳ አፈር አለበሳት'ኮ።"

ኑርዬ አፈሩ ላይ ተቀምጦ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

ሼህ ሐቢብ መጥተው ክንዱን ይዘው አነሱት። "አብሽር ልጄ፣ ሶብር አድርግ" እያሉ ከሰው ነጠል አደረጉት። በሁለት ቅሬ መካከል አንድ ልብ ያለው ሰው ተገኘ ብሎ ኑርዬ ትንሽ ተጽናና። ሼሁ ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እንዲያው በአላህ፣ ያ የሚያፏጨው ዕቃ ከየት ነው የተገኘ?"

"ሼሁ! አክስቴን እንዳልቀብር ያደረገኝ እሱ ነው'ኮ! ሞተሩን ፈጀው!"

"አየን እንጂ ልጄ፣ አንዱ እንዳልበቃው በዓይናችን አየን" አሉ ሼህ ሐቢብ፣ በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ። "እኛ ሁለት ነው የምናስገጥም።"