ባዶው ወንበር ድል የተነሣበት ዜና

በዓመተ ካሜራ ሰባት፣ ይኸውም ጀግናችን ያቺን ጥቁር ካሜራ ገዝቶ በቤተሰቡ ላይ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ በዕለተ እሑድ ረፋዱ ላይ የሆነው ነገር ይህ ነው።

ይህ ዓቃቤ ሌንስ፣ መዋዔ ጽልመት፣ ሊቀ ትራይፖድ፣ በቤት ስሙ ግን «ቆይ አንዴ» የተባለው፣ ብርሃን ሳይለካ፣ ሌንስ ሳይወለውል፣ የትራይፖዱን እግር ሦስት ጊዜ ሳያስተካክል ፎቶ አንሥቶ አያውቅም ነበር። እቴጌይቱ እናቱም በየዓመቱ ለቤተሰብ ፎቶ መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ይቆዩና፣ «ድስቱን አየት አድርጌ መጣሁ!» የሚል አዋጅ አስነግረው ወደ ጓዳ ይዘምቱ ነበር፤ እርሱም የለካው ብርሃን እንዳያመልጠው ሲል ቁልፉን ይጫን ነበርና፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስድስት ፎቶዎች ስድስት ባዶ ወንበሮችን ጥርት አድርገው ያሳያሉ። እናቱ ያሉበት አንድ እንኳ አልነበረም። እሳቸውም በዚህ መሐል እያረጁ ነበርና ነገሩ ልቡን ይበላው ነበር።

ወእምዝ በዚያች እሑድ እናቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ጦሩን አሰለፈ። በቀኝ መምህርቷ እኅቱ ብርሃን የሚመልስ ነጭ አንሶላ ዘርግታ፣ በግራ ሹፌሩ ባሏ የራስጌ መብራት ተሸክሞ፣ ከኋላ አክስቱ መለዋወጫ ባትሪ በመሐረብ ቋጥረው፣ ድመቲቱም ደጀን ሆና በካሜራው ቦርሳ ውስጥ ተኝታ ሳለች፣ «ማንም ንቅንቅ እንዳይል!» ብሎ አወጀ። ብርሃን ለካ፤ ደግሞም ለካ፤ ሌንስ ለወጠ፤ የለወጠውንም መልሶ ለወጠ። የሹፌሩ ክንድ ዛለ፤ አንሶላውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያን ጊዜ ያ የታወቀ የድስት አዋጅ ተሰማ።

ቆይ አንዴ ቀና ቢል ወንበሩ ባዶ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ካሜራውን ከትራይፖዱ ነጥቆ፣ ሳይለካና ሳይወለውል ወደ ጓዳ ገሰገሰ። ደፉ ላይ በመብራቱ ገመድ ተጠልፎ ሲወድቅ፣ እናቱ የድስቱን ክዳን እንደያዙ ዞር ብለው አዩትና በሳቅ ፈነዱ፤ እርሱም ገና መሬት ሳይነካ ቁልፉን ተጫነ።

ፎቶው ተንጋዷል፤ ግማሹ እንፋሎት ነው። እናቱ ግን የወለቀችው ጥርሳቸው ቦታ ሳይቀር ፍንትው ብለው ይታያሉ። አይተውትም፣ «ከእንግዲህ ፎቶ ሊያነሣኝ የሚሻ ወደ ድስቴ ይምጣ!» የሚል አዲስ አዋጅ አወጁ።

እንግዲህ ክብርና ሞገስ ይገባዋል ለቆይ አንዴ፣ ሳይዘጋጅ ለዘመተ፣ እየወደቀ ድል ለነሣ፣ ያንንም ጠማማ ፎቶ ቀጥ አድርጎ ለመስቀል ግድግዳውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ለለካ፤ እናቱም በዚያ ሁሉ ጊዜ የትም አልሄዱም፣ ፎቶው ውስጥ እየሳቁ ጠበቁት።