ለሻምበል ለቅሶ የደረስን ጊዜ

እኔ በሰው አልቀናም። የምቀናው በውጭ አገር እንስሳት ነው። ቴሌቪዥን ላይ አይታችሁ እንደሆነ እንጃ፤ ዝሆኑ ልደቱ ነው ተብሎ በሐብሐብ የተሠራ ኬክ ይቀርብለታል፣ ድቡ ሙቀቱ እንዳይከብደው ዓሣ በበረዶ ተደርጎ ይሰጠዋል፣ ዝንጀሮው እንዳይሰለቸው መጫወቻ ይገዛለታል። እንዳይሰለቸው! እኔን እስከ ዛሬ “ሰልችቶህ ይሆን ወይ?” ብሎ የጠየቀኝ መሥሪያ ቤት የለም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ምግብ መደበቁ ነው። እንስሳ ምግቡን ቁጭ ብሎ ካገኘ ይተክዛል ይላሉ። ስለዚህ ጭድ ውስጥ ይቀብሩለታል፣ የእንጨት ስንጥቅ ውስጥ ይወሽቁለታል፤ እሱም ሲፈልግ ይውልና ደስተኛ ይሆናል። ይኼ እውነት ከሆነ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪን የሚያህል ደስተኛ ፍጡር በምድር ላይ ሊኖር አይገባም ነበር። ስኳሩ ተደብቆልን ስንፈልግ እንውላለን። ውሃው አራተኛ ፎቅ ያለነው እንዳንሰለች ብሎ አንደኛ ፎቅ ላይ ይቀራል። ከሥራ መውጫ ላይ ደግሞ ታክሲው ራሱ ይደበቃል። ደስታችን ፊታችን ላይ ካልታየ እንግዲህ ጥፋቱ የኛው ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። እታገኝ የምትባል ጎረቤት አለችን፤ እኛው ብሎክ ነው የምትኖረው፣ የምትሠራው ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የእንስሳት ማቆያ ነው። የትኛዋ እንደሆነች አልነግራችሁም፤ እታገኝ እንጀራዋን እንድትበላ እፈልጋለሁ። እዚያ ሻምበል የሚባል ጦጣ ነበር። ማዕረጉን ማን እንደሰጠው አይታወቅም፣ ግን ከብዙዎቹ የተሻለ ይመጥነው ነበር። ይኼ ሻምበል ሚስቱ ሞተችበት። ከዚያ ወዲያ እህል የሚባል አልቀምስም አለ፤ ጥጉን ይዞ የክንዱን ፀጉር እየነጨ ይውላል። ሐኪሙም በዚሁ ከቀጠለ እንደማይተርፍ ቁርጡን ተናገረ።

እንደ ዕድል ሆኖ ለሌላ ጉዳይ የመጣ አንድ ፈረንጅ ባለሙያ አየውና “ምግቡን በሳህን አትስጡት፣ ደብቁለትና ይፈልግ” ብሎ መክሮ ሄደ። ስብሰባ ተጠራ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። መደበቅ ለንብረት ክፍል ምን ይከብደዋል! ሙዙ ተደበቀ። እስከ ዛሬም አልተገኘም።

እታገኝ ይህንን ደረጃው ላይ ቆማ ስትነግረን እትዬ ዘምዘም የያዙት አንዱን ነገር ብቻ ነበር። እትዬ ዘምዘም ከወሎ መጥተው ልደታን ቤቴ ያሉ ባለሱቅ ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ብሎካችን ውስጥ ያለሳቸው ለቅሶ አይቀመጥም።

“ሚስቱ ሞታ ማንም ለቅሶ አልደረሰውም?” አሉ።

“ጦጣ እኮ ነው፣ እትዬ።”

“ጦጣስ ቢሆን! ብቻውን አስቀምጣችሁት ነዋ እህል እንቢ ያለው!”

ቅዳሜ ጠዋት ስንዴና ሽምብራ ተቀቅሎ የለቅሶ ንፍሮ ተዘጋጀ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ እኛን ወንዶቹን ባለቤቴ ከየቤታችን እየጎተተች አወጣችን። ማቆያው በር ላይ፣ ከመግቢያ ዋጋው ሥር፣ “እንስሳትን መመገብ ክልክል ነው” የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጥበቃው የንፍሮውን ሳህን ሊከፍት እጁን ሲሰድ እትዬ ዘምዘም “ለቅሶ ነው” አሉት። በቃ። የኛ አገር ጥበቃ ሚኒስትርን ይመልስ ይሆናል እንጂ ለቅሶ ደራሽ አይመልስም። ኮፍያውን አውልቆ፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቅ “ነፍስ ይማር” ብሎ አሳለፈን።

ሻምበል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። ሴቶቹ ሽቦው ጥግ ሰሌን አነጠፉ። እኛ ወንዶቹ ለቅሶ ላይ የምንችለው ሥራ አንድ ነውና ካርታ አወጣን። ካርታ ያልተጫወቱት ጋሽ ወንድሙ ብቻ ናቸው። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ያረፉት ዓምና ነው፣ ልጅ የላቸውም። ከሁላችን ፈንጠር ብለው ሻምበልን ሲያዩት ዋሉ።

ንፍሮው በሳህን ቢቀርብለት ጦጣው ዞሮም አላየው። እትዬ ዘምዘም “አፈር ስሆን፣ አንዲት ፍሬ ብቻ!” እያሉ በሽቦው ቀዳዳ ሊያጎርሱት ሲታገሉ እፍኙ ሙሉ ጭዱ ላይ ተበተነ። ሻምበል ዞር አለ። አንዲት ሽምብራ አነሳ፣ ላጣት፣ ቀመሳት። ጭዱን ገለጥ አድርጎ ሌላ ፈለገ። ከዚያ ሌላ። እታገኝ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። እኔም ከደስታዬ ብዛት እጄ ላይ ያለውን ጆከር ለሁሉም አሳየሁ።

እሑድም ሄድን። ሰኞም የቅርብ ዘመድ ሞቶብኛል ብዬ ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ሄድኩ። ሻምበል ሽቦው ድረስ እየመጣ ይቀበለን ጀመር። በዚሁ ሰልስቱ ወጣ፤ ሰሌኑ ተጠቀለለ፣ ሳህኑ ታጠበ፣ “ከዚህ የባሰ አያምጣ” ተባብለን ተበተንን። ያማረ ለቅሶ ነበር፣ ማንም አይነቅፈውም።

ረቡዕ እታገኝ መጣች። ሻምበል የግቢውን በር እያየ ይውላል፣ እህሉንም መልሶ ትቶታል። “እባካችሁ ኑለት” አለች። እርስ በርስ ተያየን። ምን እናድርግ? ሰልስቱ ወጥቷል! ከሰልስት በኋላ በየቀኑ የሚሄድ እንኳን ለጦጣ ለሰውስ የት አለ? አንዱ አዋቂ “አርባው ሲደርስ ሁላችንም እንሄዳለን” አለና ሁላችንም እፎይ ብለን ተስማማን። ሻምበል እስከ አርባው ይቆያል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እታገኝን ሳያት መንገድ እየቀየርኩ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ግን ደረጃው ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሞተ ልትለኝ ነው ብዬ “ነፍስ ይማር” ለማለት ስሰናዳ፣ “ፀጉሩ መብቀል ጀመረ” አለችኝ። ማን እያበላው እንደሆነ ብጠይቃት “ሄደህ እይ” ብላኝ ወረደች።

ሄድኩ። ጋሽ ወንድሙ ሽቦው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከፌስታል ንፍሮ እየዘገኑ በዱላቸው ጭዱ ሥር ይቀብራሉ፣ ሻምበል እየቆፈረ ያወጣል። አንዷ ስትጠፋው በዱላው ጫፍ ይጠቁሙታል።

“ጋሽ ወንድሙ፣ ሰልስቱ እኮ ካለፈ ቆየ” አልኳቸው እየሳቅሁ።

“የኔም አልፎ ነበር” አሉ ዓይናቸውን ከጦጣው ሳያነሱ። “ድንኳኑን አፍርሳችሁ፣ ወንበሩን ሰብስባችሁ ሄዳችሁ። እኔም እንደዚህ በር በሩን ሳይ ከረምኩ።”

አንድ ነገር ማለት ስላለብኝ ብቻ፣ “ቢሆንም በዚህ ዕድሜዎ በሁለት ታክሲ እዚህ ድረስ መመላለስ ይከብዳል” አልኳቸው።

“እናንተም ቢከብዳችሁም መጣችሁለት አይደል?” አሉና አንድ እፍኝ ንፍሮ ጨመሩለት። “የኔ ቤት ግን ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ በየቀኑ አልፋችሁት ነው የምትወጡት። ደግሞም መግቢያ አይከፈልበትም።”